መስቀል ላይ የቆመው ፓምፕ

ለእህቴ ለእትዬ ዘርፈሽዋል፣
ጅግጅጋ

እንደምን ሰነበትሽ? የወገብሽ ሕመም እንዴት ሆነ? ጋሼ ይታገሱስ፣ ማዕዶትስ ደህና ናቸው? እኛ በጤና አለን። ዘንድሮ ለመስቀል ባለመምጣትሽ እናታችን ደጋግማ ስታነሳሽ ሰነበተች።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ አጎታችን ገብረእግዚአብሔር ቀድሞ ደውሎልሽ ይሆናል። የእኔን ደግሞ ስሚ።

የመንደራችንን የውሃ ፓምፕ የሚያዝዘውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚህ ቋንቋ ፕሮግራሙ ለሥራው የያዘውን ሜሞሪ፣ ማለትም የመሣሪያውን የማስታወሻ ቦታ፣ እንዲለቅ ማዘዝ የጸሐፊው ፋንታ ነው። ካልለቀቀ እየተጠራቀመ መሣሪያውን ያቆመዋል። የእኔው ፕሮግራም የታንከሩን ውሃ በለካ ቁጥር ጥቂት ሜሞሪ ይይዛል፤ አይለቅም። ስጽፍ ስህተት የሚፈልግልኝ መመርመሪያ ፕሮግራም ስህተቱ ያለበትን መስመር ጠቅሶ አስጠንቅቆኝ ነበር። ፓምፕ ጠባቂው ሸረፋ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁሉን ያጠፋዋል፣ ሲጠፋ ደግሞ የተያዘው ይለቀቃል ብዬ ማስጠንቀቂያው እንዳይታይ ዘጋሁት።

ለመስቀል አገሬው ሁሉ ሲገባ፣ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አጎታችን ፓምፑ ሌሊትም እንዳይጠፋ አዘዘ። በአራተኛው ቀን፣ በበዓሉ ጠዋት፣ ቆመ። ቤቱ ሁሉ በእንግዳ ተሞልቶ ጠብታ ውሃ ጠፋ። ሴቶች ጄሪካን ይዘው ወንዝ ወረዱ። ሸረፋን "ተኝተህ አቃጠልከው" አሉት። ነገ ቅዳሜ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሊያባርረው ነው።

ለአጎታችን እውነቱን ነገርኩት። "አንተን ያመጣሁህ እኔ ነኝ፤ ስሜን ልታጠፋ ነው? ሸረፋ ሌላ የጥበቃ ሥራ አያጣም" አለኝ። ሸረፋ አምስት ልጆች አሉት። አብሮን ነው ያደገው፤ ታውቂዋለሽ። ትናንት ደውዬ ነገርኩት። "ጎበዝ፣ ውሃውን አንተ አቁመህ ስድቡን እኔ ጠጣሁት" ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም። "ቅዳሜ ትመጣለህ?" አለኝ። እመጣለሁ አልኩት።

ፕሮግራሙን አስተካክዬ አራት ቀን ሳላጠፋ ሞክሬዋለሁ፤ አልቆመም። ነገ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። አጎታችን ከዚያ በኋላ ግቢውን ላያስረግጠኝ ይችላል። እናታችን የምትኖረው እዚያው ግቢ ነው። የፈራሁት ይህንን ነው፤ ደውለሽ አነጋግሪያት።

ለጋሼ ይታገሱ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ማዕዶትን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን አሚኔን ስላስታመመችሽ አመስግኚልኝ። አጎታችን ሲደውል አንቺ ሰላም በይው። የእኔን ሰላምታ ነገ እኔው እሰጠዋለሁ፣ ከተቀበለኝ።

ወንድምሽ ዑራኤል
ወልቂጤ፣ መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.