ካምፐሩ ሞቋል

ለፎቲኒ እናት፦

እንዴት ነሽ? ሥራው እንዴት ነው? እናትሽስ፣ ወገባቸው ተሻላቸው? ሰላም በይልኝ፤ ስሜን ሲሰሙ ፊታቸውን ቢያዞሩም ግዴለም፣ አንቺ ብቻ በይልኝ። ቮሎስ ዝናብ በዝናብ ሆኗል አሉ። እዚህ ከካርፔኒሲ በላይ፣ የበረዶ መንሸራተቻው ጋ፣ በረዶው ጉልበቴ ድረስ ነው፤ እኔ ግን ካምፐሬ ውስጥ፣ እዚሁ የመኪና ቤቴ፣ በካናቴራ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። በካናቴራ! ድገሚና አንብቢው።

ስልኬን ስለማታነሺ ነው እስክሪብቶ የያዝኩት። እጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን ታነቢዋለሽ።

ነገሩ ይኸውልሽ፤ ፎቲኒን ለቅበላ ሳምንት ስጪኝ። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ጾም ሳይገባ እመልሳታለሁ። አምና «ልጄን ፍሪጅ ውስጥ አላሳድርም» ብለሽ ይዘሻት ሄድሽ። አምና ፍሪጅ ነበር፣ አልክድም። ዘንድሮ ግን፣ ፎቲኒ ትሙት፣ ላብ አልቦኛል።

ማሞቂያውን ማን ሠራው በይኝ። እኔ! ከተማ ያለው ቴክኒሻን ከፋሲካ በኋላ ና አለኝ። ከፋሲካ በኋላማ ፀሐይ ታሞቀኝ የለ! ካቻቢቴዬን አንስቼ ማሞቂያውን ብትንትኑን አወጣሁት። እሳቱ የሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ድሯን አድርታ፣ ወልዳ ከብዳ ነው የጠበቀችኝ። በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት፣ እሳት የሚጭረውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ገጠምኩት። ቦግ አለና ድርግም! ደግሜ ፈታሁ። አሁንም ቦግ፣ ድርግም!

እማማ አስፓሲያን ታስታውሻቸዋለሽ፣ በየንግሡ ከእኛ ጎን ያን ጣፋጭ ሃልቫቸውን የሚሸጡት። ዘንድሮም የእሳቸው ካምፐር ከእኔው ጋር ተጠግቶ ነው የቆመው። መጥተው አዩኝና «ሲሊንደሩን የት አስሞላኸው?» አሉኝ። «ቮሎስ፣ ወደቡ ጋ» አልኳቸው። «እንግዲያ የወደብ ጋዝ ነዋ! እሱ ብርድ የት ያውቃል? ሲሊንደሩ ውስጥ ደንዝዞ ተኝቷል፣ አንተ እዚህ ማሞቂያውን ትገርፋለህ» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ልደርስበት ትንሽ ነበር የቀረኝ። እዚህ ለብርድ ብለው የሚሸጡትን የተራራውን ጋዝ አምጥቼ ስገጥም በአንድ ጊዜ ተቀጣጠለ። ማሞቂያውን እንደሆነ ለካ እኔ ቀድሞውኑ አድኜው ኖሯል!

ጄነሬተሩንም አትጠይቂኝ። ዘይቱን ቀየርኩ፣ ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩን አጠብኩ። አምና እጄ እስኪላጥ ገመድ ስስብ አልነበር? አሁን አንዴ ሳብ ሳደርገው ይነሣል። ሁልጊዜ እንደምናደርገው በሁለቱ ካምፐር መሃል ነው ያስቀመጥኩት፣ ጩኸቱ የምጠብሰውን ባለማር ሉኩማዴስ ሊበላ የመጣውን ደንበኛ እንዳያባርር። በረዶ እንዳይወርድበት ከጣራ ጣራ ሸራ ወጥሬለታለሁ። ለእማማ አስፓሲያም መብራት የምሰጠው እኔ ነኝ። ሠፈሩን የያዝኩት እኔ ነኝ በይው!

የፎቲኒን አልጋ በዚያው በኩል፣ ነፋስ በማይደርስበት መስኮት ሥር ሠርቼላታለሁ። ሙቀቱ እንዳያፍናት መስኮቷን ገርበብ አድርጌያታለሁ። ትናንት ከምሳ በኋላ ራሴ ተኝቼ ሞከርኩት። እግሬ ውጭ ቢተርፍም እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት። ስነሣ ራሴን ከበደኝ፤ ምሳ ላይ የቀመስኩት አረቄ ይሆናል።

በይ እንግዲህ፣ እሺ ብቻ በይኝ። ፖስታ ልገዛ ወጣሁ።

፨

አልላክሁትም። የሆነውን ስሚ።

ፖስታውን ገዝቼ ስመለስ እማማ አስፓሲያ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ በረዶው ላይ ቆመዋል። «አንተ! ይሄ ጉደኛ ሞተርህ ጭንቅላቴን በላው። ድመቷ እንኳ አልገባም ብላ ውጭ ትንቀጠቀጣለች» አሉ። «ድመቷ ሃልቫ ሰልችቷት ነው» አልኳቸው። «ወሬኛ! ና ግባ፣ ካርታ እንጫወት። ካሸነፍከኝ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።» በካርታ ታውቂኝ የለ፣ ገባሁ።

መጀመሪያ ላይ እየተሰዳደብን ነበር የምንጫወተው። «አንተ ልጅ፣ እጅህ የተሠራው ሊጥ ለማቡካት ነው» ይሉኛል፣ «የእርስዎስ ለማጭበርበር» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሰባት ቁጥሯን ስድስት ናት ብዬ ጣልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው አነሷት። ሴትዮዋ እኮ አስፓሲያ ናቸው፣ አንዲት ካርታ የማያሳልፉ! ቀና ብዬ ሳያቸው ካርታው ከእጃቸው አንድ በአንድ ይረግፋል። «እማማ፣ ወደቀብዎት» አልኩ። እንደማያውቀኝ ሰው አዩኝ። ልነሣ ስል ጉልበቴ ከዳኝ።

በሩን በምን እንደከፈትኩት አላስታውስም። ብብታቸው ሥር ይዤ ጎትቼ በረዶው ላይ ጣልኳቸው፣ ከጎናቸው ወድቄ አስመለሰኝ። ትንሽ ሲለቀኝ በሁለቱ ካምፐር መሃል አየሁ። በረዶው ሸራው ላይ ተከምሮ፣ በሁለቱም ጫፍ ወርዶ መሬት ነክቶ ዘግቶታል። ዋሻ ሆኗል። ጄነሬተሩ ውስጡ ያጨሳል። ጭሱን የሚተፋው ማርሚታ ፊቱን ያዞረው ወደ እማማ አስፓሲያ ግድግዳ ነው። ከወዲያ በኩል ደግሞ ገርበብ ያለ መስኮት አለ። የማን እንደሆነ ከላይ ጽፌልሻለሁ።

የበረዶ መንሸራተቻው ነርስ መጥታ ለእማማ ኦክስጅን ሰጠቻቸው። ጭምብሉን እንዳወለቁ የተናገሩት «ልትገድለኝ ነበር፣ ያውም በካርታ እየመራሁ!» ነው። ደህና ናቸው። ድመቷም ገብታለች።

ሸራውን ቀድጄ ጣልኩት። ጄነሬተሩን ከካምፐሮቹ አርቄ ሜዳ ላይ አወጣሁት፣ ይጩህ፣ ደንበኛም ይሂድ። መርዝ ጭስ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያ አምጡልኝ ብያለሁ። ዛሬ ደግሞ ማሞቂያውን ብቻ አብርቼ ከሰዓቱን ሙሉ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን አላመመኝም። ይሞቃል፣ ጥሩ ይሠራል።

ግን አትስጪኝ። ይሄንን ሁሉ ፈትቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ምን እንደዘጋሁ አላውቅም። የላይኛውን ገጽ ልቀደው ነበር፣ ተውኩት። ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበርኩ አንቺም እዪው ብዬ ነው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ደጃችሁ ላይ ትንሽ አጫውቻት እመለሳለሁ፣ ማደሪያ አልጠይቅሽም። እናትሽ ካልፈለጉ ወደቡ ጋ ይዘሻት ውጪ። ለቅበላ የምትለብሰውን ልብስ አልብሻት፣ ልያት።

እግዜር እናትሽን ጤናቸውን ይመልስላቸው፣ አንቺንም ደጋግ ሰው ይግጠምሽ፣ እሷን ከነሳቋ ያሳድግልን። «የአባባ ቤት ሞቀ ወይ?» ብላ ከጠየቀችሽ፣ ገና ነው በያት።

የልጅሽ አባት