ስለ እስረኛው በጋችንና ስለ ተወረሰው ልጣጭ

ለተከበሩ ጓድ ታረቀኝ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የጽዳት ዘመቻው አስተባባሪ፣
ጉለሌ

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የሚያምዎት ጉልበትዎ፣ ይልቁንም በየስብሰባው ያለ ዕረፍት የሚያገለግለን ጉሮሮዎ ደህና ናቸው? እኛ የወፍጮ ቤቱ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ከሽታው በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስ... ማለቴ፣ አብዮቱ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ጽፌ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ከባድ ዜና ለማሰማት ነው። ስለዚህ የቆመ ይቀመጥ፣ ኮፍያ ያደረገም ያውልቅ። ከመካከላችን አንዱ፣ በሰፈሩ ሁሉ የተወደደ፣ በማንም ላይ ክፉ ቃል ወጥቶት የማያውቅ፣ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ በቀበሌው ግቢ ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ጋር ታስሮ ይገኛል። ተባባሪዎቹን እንዲያጋልጥ ቢጠየቅም፣ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ዱጉማ እንደነገሩን፣ የሰጠው ቃል አንድ ረጅም "ባእ" ብቻ ነው። እስረኛው ቦቃ ይባላል። የእትዬ ገበያነሽ በግ ነው።

እርስዎ ከሥራ ብዛት የተነሳ ስለ ቦቃ አስተዳደግ ላያውቁ ይችላሉና በትሕትና ላስረዳ። ቦቃ የልጣጭ በግ ነው። እትዬ ገበያነሽ ከገና በኋላ አጥንቱ የሚቆጠር ግልገል ገዝተው ሲመጡ፣ ግቢው ሁሉ ተስማምቶ የድንቹን ልጣጭ፣ የጎመኑን አንጓ፣ የካሮቱን ጭራ ያዋጣለት ጀመር። እኔም ጆንያ ይዤ በየቤቱ እየዞርኩ እሰበስባለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ተምሬ ትምህርት ቤቱ ካሰናበተኝ ወዲህ ያለኝ ሥራ ይኸው ነው። ለፋሲካ በጉ ታርዶ ልጣጭ ያዋጣ ሁሉ ድርሻውን ይወስዳል። በግቢያችን ለብቻው በግ መግዛት የሚችል አባወራ የለም፤ ድንች መላጥ የማይችል ግን አንድም የለም። እትዬ ዘኪያ እስላም ስለሆኑ ከሥጋው አይካፈሉም፤ በፈንታው የበጉን በጠጥ እያነሱ ለጎመን መደባቸው ያደርጉታል፣ የጎመኑ ውጪኛ ቅጠል ደግሞ ተመልሶ ለበጉ ይመጣል። እኛ ሁዳዴን ስንጾም እሱ በጾማችን ይወፍራል ማለት ነው። እኔ በግማሽ ዕውቀቴ ሕብረተሰብአዊነት ያሉን ይኼ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቻችን ልለፍ።

አንደኛ፣ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ስላስቀመጡልን የብረት ገንዳ ከልብ እናመሰግናለን። በምረቃው ዕለት ከራስዎ ቤት ያመጡትን ቆሻሻ ከሁሉ ቀድመው በገዛ እጅዎ ሲያፈሱበት ሕዝቡ አጨብጭቧል፣ እኔ እንዲያውም አፏጭቻለሁ። ያን ዕለት "ከእንግዲህ ቆሻሻ በቤቱ የሚያከማች አሻጥረኛ ነው" ብለው አወጁ። እትዬ ገበያነሽ እጃቸውን አውጥተው "ልጣጩም ቆሻሻ ነው እንዴ ጌታዬ? በጉ ምን ሊበላ ነው ታዲያ?" ብለው ቢጠይቁ፣ "በመጀመሪያ ደረጃ ጌታዬ የሚባል ነገር የለም፣ በሁለተኛ ደረጃ በግ የግል ጥቅም ነው" ብለው አስቀመጧቸው። በቃ፣ ልጣጩ ተወረሰ። መሬት ሲወረስ አይተናል፣ ትርፍ ቤት ሲወረስም አይተናል፤ የድንች ልጣጭ በመውረስ ግን የእኛን ቀበሌ የሚቀድም ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ቆሻሻ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ገንዳው ሳይመጣ በፊት እኮ እዚህ ግባ የሚባል ቆሻሻ አልነበረንም። አመዱ ድስት ይፈተግበታል፣ የተረፈው ሽንት ቤት ይነሰነሳል። የቲማቲም ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ የእኔ የሒሳብ ደብተር እንኳ በጋሽ ሙሐዲን ሱቅ በርበሬ ተጠቅልሎበት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ጠቅሟል። አሁን ይህ ሁሉ በትእዛዝዎ ገንዳ ውስጥ ገብቷል፣ ይወስደዋል የተባለው ማኪና ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። የመጣው የእንጦጦ ጅብ ነው። እሱ ግን የሚመሰገን ነው፤ ሳይጠራ ይመጣል፣ ንግግር አያደርግም፣ ያገኘውን በልቶ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ቆራሌው ወደ ቀበሌያችን እንዳይገባ ስለከለከሉልን እናመሰግናለን። አሮጌ ጠርሙስና የተበሳ ሳህን የሚገዛ ሰው በየደጁ እየጮኸ መዞሩ ለጸጥታ አስጊ ነው ብለዋል። እውነትዎን ነው። የመንደሩን ድስት ቀዳዳ ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነገ ደግሞ ምን ይቆጥር ይሆን?

አራተኛው ስለ ቦቃ መያዝ ነው። በጉ የፈጸመው ወንጀል ምግቡን ተከትሎ መሄድ ነው። ሁለት ቀን ባዶ ገበታ ካየ በኋላ ገመዱን በጥሶ፣ የእናቱን ቤት እንደሚያውቅ ልጅ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዶ የተወረሰ ንብረቱን መብላት ጀመረ። ጓድ ዱጉማም ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ደርሰው "ቆሻሻ በመበተን" በሚል ያዙት። እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቀበሌው በር ድረስ ሄደው ቢለምኑ፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ይታያል ተባሉ። ቁጭ ብለው ማልቀስ እንኳ አልቻሉም፣ በበሩ አጠገብ መቀመጥ ክልክል ነው።

ይባስ ብሎ፣ በጉ በስቅለት ማግስት ለዘመቻው መዝጊያ ግብዣ ለኮሚቴው ይታረዳል የሚል ወሬ ሰማን። እኔ አላመንኩም። የግል ጥቅም ነው የተባለን በግ ኮሚቴው ተሰብስቦ በግል ጥርሱ ይበላዋል ብሎ ማን ያምናል? ሆኖም ካሰቡት አንድ ነገር አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። እስረኛው ቀለብ ስላልተሰፈረለት ከምሰሶው አጠገብ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈውን የዘመቻውን መፈክር መብላት ጀምሯል። "ቆሻሻን ከምንጩ እናደርቃለን!" ከሚለው ውስጥ እስከ ትናንት ማታ የቀረው "እናደርቃለን" ብቻ ነው። እንግዲህ ያንን በግ ማረድ መፈክር ማረድ ነው፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ቢላዋውን ያንሳ።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ቦቃ እስከ ስቅለት ድረስ ተፈትቶ ለእትዬ ገበያነሽ እንዲመለስ፣ ልጣጫችንም ከውርስ ነፃ እንዲወጣ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ያን ጊዜ ገንዳው ግማሹ ባዶ ይሆናል፣ ማኪናው ባለመምጣቱ ማንም አይወቅስዎትም፣ ጅቡም ወደ እንጦጦው ይመለሳል። ከፈቀዱ የቤትዎን ልጣጭ እኔ ራሴ እየመጣሁ እወስዳለሁ፤ ሥጋ ሲከፋፈልም ያዋጣ ሰው አይረሳም፣ ሊቀመንበርም ቢሆን።

ለነገሩ፣ አሁን መልሼ ሳነበው፣ ኮፍያ ያስወለቅሁት በከንቱ ሳይሆን አይቀርም። ጉዳዩ ሲጠቀለል አንድ በግና አንድ ጆንያ የድንች ልጣጭ ነው። ከዚህ የቀለለ ጉዳይ በቀበሌያችን ታይቶ አይታወቅም፤ በአንድ ገመድ መፍታት ያልቃል።

ሽታው በበረታበት በዚህ የሕማማት ሳምንት፣ ለጉሮሮዎ ማርና ዝንጅብል፣ ለጉልበትዎ ሙቀት እየተመኘሁ፣ አንገቴን እስከ ጆንያዬ አፍ ድረስ ዝቅ አድርጌ እጅ የምነሳ፣

አድነው፣
የልጣጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ብቸኛ አባል

ማሳሰቢያ፦ በምረቃው ዕለት ጭብጨባው ካለቀ በኋላ፣ ለቦቃ የሚሆን ልጣጭ ቢገኝ ብዬ እርስዎ ያፈሰሱትን አገላብጬ አይቼ ነበር። ልጣጭ የለበትም። ያገኘሁት የሳሙና መጠቅለያ ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ነው፣ ሽታውም ገና አልለቀቀም። የሕብረት ሱቃችን ከጥምቀት ጀምሮ "ሳሙና አልመጣም" እያለ ሲመልሰን፣ እኛም ልብሳችንን በእንዶድ ስናጥብ ስለከረምን፣ እንደ ብርቅ ነገር አየሁትና አልጣልኩትም። ሰፈራችን እንደሆነ ምንም ነገር አይጥልም። ቦቃ እስከ ስቅለት ከተፈታ፣ መጠቅለያዎቹ ለእትዬ ገበያነሽ እሳት ማያያዣ ይሆናሉ። ካልተፈታ ደግሞ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ግድግዳው ሰፊ ቦታ አለው፣ የዱቄት ሙጫም ወፍጮ ቤት አይጠፋም። እሱም ቢሆን ትንሽ ነገር ነው።