የስኮትላንዱ ቀልደኛ መዝሙር

ተስፍዬ፣ የኔ ጌታ፣

ካረፍክ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም አልጋው ላይ በኔ በኩል ብቻ ነው የምተኛው።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ሶሲ ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ መኪናህን የምትነዳው እሷ ናት። ወንበሩን ወደፊት ስላስጠጋችው አንድ ቀን ሙሉ አኮረፍኳት። እግሯ አጭር ነው፣ ምን ታድርግ።

የምጽፍልህ ግን ጉድህ ሊወጣ ስለሆነ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ስኮትዴል አጠገብ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ፣ ጢሙን የምትላጭለት ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ የሚያስደምጥህ የድሮ ሸክላ ነበር። ዘፋኙ በአያቶቻችን ዘመን እንደ አገሩ ወንዶች ቀሚስ ለብሶ፣ ቆልማማ ዱላ ይዞ፣ ቴአትር ቤት ውስጥ ሕዝብ የሚያስቅ ቀልደኛ ነው። ሸክላው ላይ ያለችውን ዘፈን ግን ያዘነ ሰው እንዲበረታ ብሎ ነበር የዘፈናት። አንተም ወደድካት፤ ወደ አማርኛ መልሰህ የጌታን ስም ጨመርክባት። መዘምራኑ ያንተ ድርሰት መስሏቸው ወሰዷት፤ አንተም ዝም አልክ። ዘፈን ኃጢአት በሚባልበት ቤተ ክርስቲያን! ዛሬ እኛ ክላርክስተን ውስጥ የአበሻ ቀብር ያለ እሷ አይፈጸምም። አንድ ቀልደኛ ከሞተ በኋላ አበሻን ያስለቅሳል እያልን ስንት ስቀናል። አሁን አያስቀኝም።

ለቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ሽማግሌዎቹ “ወንድም ተስፋዬ ከጌታ የተቀበለው መዝሙር” ብለው ታሪኩን እንድናገር ጠየቁኝ። ሶሲ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሰርች አድርጋ ሰውዬውን ከነቀሚሱ አግኝታዋለች። ማሚ፣ ካልተናገርሽ እኔ እናገራለሁ ብላኛለች፤ ግትርነቷ ያንተው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ እኔ ላይ ነጋብኝ።

ተናድጄብሃለሁ። ዛሬ ነገ እናገራለሁ ስትል ሄድክና ለኔ ተውክልኝ።

ከሁሉም ያስጨነቀችኝ እህት አስቴር ናት። ልጇ በመኪና አደጋ ሲሞትባት በዚያ መዝሙር ነው ከአልጋ የተነሣችው። በመድረክ ከምትሰማው ብዬ ትናንት ኖርክሮስ ያለው ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ ሰውዬው ራሱ ልጅ ቀብሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ። ያጽናናኋት ይሁን የገደልኳት ዛሬም አላወቅሁም።

እሑድ በበዓሉ ላይ እናገራለሁ። በቤተ እግዚአብሔር ቆሜ መዋሸት አልችልም። ምናልባት መዝሙሩን ይተዉት ይሆናል፤ ስምህንም አብረው ይተዉት ይሆናል። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

ብቻ ስማኝ፤ እነሱ የሚያስታውሱት ዘማሪውን ነው። እኔ ዘማሪ አላገባሁም። ያገባሁት አንተን ነው፣ ከነዝምታህ። ሌላው ሁሉ ቢተውህ እኔ እንዲሁ እንዳለህ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ ሮማን