አንተ የሞላኸው ሰልባትዮ

ይርጋዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን እነሆ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። በሙት ዓመትህ ጥቁሬን አስወለቁኝ። ሰው ሁሉ "በቃሽ፣ ተጽናኚ" ሲለኝ እሺ እላለሁ፤ እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ከገበያ ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት ግን አሁንም "ይርጋዬ፣ መጣሁ" ልል አፌን እከፍታለሁ። ናፍቀኸኛል። በጣም ናፍቀኸኛል።

ዛሬ የምጽፍልህ ሳላማክርህ ያደረግሁት ነገር ስላለ ነው። ከዚህ ወዳንተ የሚመጣ ሰው አጋንኖ ሳይነግርህ ከራሴ ብትሰማው ይሻላል። የፒካፕዋን የነዳጅ ታንክ፣ ያን ሰልባትዮ የምትለውን፣ አስቀየርኩት። አትቆጣ፤ መጀመሪያ ስማኝ።

ትርንጎ አርግዛለች። አዎ፣ ያቺ ሚጢጢዬ ልጅህ! ይፋግ ማስተማሯን አልተወችም፤ ባሏ ደግሞ ሥራው ሌላ ወረዳ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት እንድትወልድ ወሯ ሳይገባ ወደ ደብረ ታቦር ላመጣት አሰብኩ። ያንን ሁሉ ዳገት በሕዝብ መኪና ተጨናንቃ እንድትወጣው አልፈለግሁም። ያለችን ደግሞ ያቺው አሮጌ ፒካፕ ናት።

ፒካፕዋ ከለቅሶህ ወዲህ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ወንድምህ አለምነው "እባክሽ ሞተሯን እንኳ ላሙቃት" እያለ ስንቴ ለምኖኛል፤ አሻፈረኝ አልኩ። ምክንያቱን ለሰው ብናገር ያሳፍረኛል፣ ላንተ ግን ልንገርህ። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ሁለት ቀን ሙሉ ተሰልፈህ፣ እስከ አፍ ገደፉ ሞልተህ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እየሳቅህ ነበር የገባኸው። በሳምንቱ ልብህ ቀጥ አለ። ያ ቤንዚን ለዚህ ቤት ያመጣኸው የመጨረሻ ነገር ነው። አንተ የገዛኸው ስኳርም ዘይትም አልቋል፤ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። እንዴት አድርጌ አቃጥዬ ልጨርሰው?

በለቅሶህ ቀን የሆነውንም መቼም አላየህም። የጋፋት ዘመዶችህን ታውቃቸው የለ? የሟች በቅሎ ተጭና ለቅሶ ሜዳ ላይ ካልዞረች ሰው የተቀበረ አይመስላቸውም። "የይርጋ በቅሎ ይቺ ናት" ብለው ፒካፕዋን አወጧት። በቅሎ ትሳባለች እንጂ አታጓራም አሉና ሞተሯ እንዳይነሳ ከለከሉ። ጋቢህን ኮፈኗ ላይ አለበሷት፣ ኮትህን ከመስታወቱ ላይ ሰቀሉት፣ ጎረምሶቹ ከኋላ እየገፉ፣ አለምነው መሪ ይዞ እያለቀሰ ሜዳውን አዞሯት። ብታይ ኖሮ በሳቅ ትፈነዳ ነበር። እኔም በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ሳቄ መጥቶ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩት። በመጨረሻው ዙር ላይ ሆዷ ድንጋይ መትቶ ተንጓጓ። አለምነው ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ድንጋዩን አላየውም፤ ያን ቀን ማንም ልብ አላለውም።

ዘንድሮ ክረምት ግን ግቢው ሁሉ ለምልሞ ከፒካፕዋ ሥር ያለው ሣር ብቻ ደረቀ። ግራ ገብቶኝ አጎንብሼ ሳይ ሰልባትዮው ጠብ ጠብ ይላል። አንተ እንዳሳየኸኝ ደረቅ ሳሙና አድቅቄ ጠቀጠቅሁበት። ጎበዝ በለኝ! ሁለት ሳምንት ያዘና ከጎኑ በሌላ ቦታ ጀመረ። ያኔ ነው መካኒኩን ጋሽ ሐሰንን ግቢያችን ድረስ ያስጠራሁት።

ከሥሯ ገብቶ ሲነካካ ቆየ። ድንጋዩ የላጠው ቦታ በዝገት ተበልቶ ኖሮ በካቻቪቴ ጫፍ ቢነካው ተበሳ። ወጥቶ እጁን እየጠረገ ሁለቱንም መንገድ ነገረኝ። አንደኛው ቤንዚኑን ቀድቶ፣ ታንኩን አውርዶና ደጋግሞ አጥቦ መበየድ ነው፤ ትነቱ ውስጡ ከቀረ እሳት ሲነካው ይፈነዳልና ሥራው ቀልድ አይደለም። ያ ቢሳካም የተረፈው ብረት እስከ መቼ እንደሚይዝ ምሎ ሊነግረኝ አይችልም። ሁለተኛው፣ ባሕር ዳር ከተገለበጠች ተመሳሳይ ፒካፕ የወረደ ደህና ታንክ አለና እሱን ማስመጣት ነው።

"ይበየድ" አልኩት፣ ሳላስጨርሰው። እዚያው አብሮን የቆመው አለምነው አንገቱን ደፍቶ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባሕር ዳር ወርጄ እኔው ላምጣው ሲለኝ ጮህኩበት። "የወንድምህ እጅ የነካውን ነገር ሁሉ ከቤቴ ልታወጡት ነው ወይ?" አልኩት። ምስኪን! በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ጋሽ ሐሰን ግን "እትዬ፣ ማንን ሊጭኑባት ነው?" አለኝ። ልጄን አልኩት። "ብቻዋን?" አለኝ። ብቻዋን አይደለችማ። እሱም መፍቻዎቹን ወደ ከረጢቱ እየመለሰ "እንግዲያው ወላሂ አልበይደውም" አለ። ተናድጄ ነበር ይርጋዬ፤ ግን እውነቱን ነው። አንተም ብትሆን ያንን ነበር የምትለው፤ ለዕቃ የማትሳሳ ሰው ነበርክ፣ የምሳሳው እኔ ነኝ። አስመጣው አልኩት።

ቤንዚኑን ሲቀዳው አጠገቡ ቆምኩ። ሻይ የመሰለ፣ ዝገት ያዘለ ነገር ነው የወጣው። ለሞተር አይሆንም፣ ብሎን ማጠቢያ ብቻ ነው አለኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁልህ መስሎኝ አበላሽቼብህ ኖሯል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ጋሽ ሐሰን እንዳላየ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ እግዜር ይስጠው።

ታንኩ ተገጠመ። አለምነው ተሰልፎ ባመጣው ቤንዚን ባለፈው ቅዳሜ ራሴው ነድቼ ወጣሁ። መሪውን ስጨብጥ ያስተማርከኝ ቀን ትዝ አለኝ። ጋፋት ላይ ፍሬን ያዢ ስትለኝ ነዳጅ ረግጬ የሰው ገብስ ውስጥ ይዤህ ገባሁ። ባለ ገብሱ ዱላውን ይዞ ሲመጣ ወርደህ እግሩ ላይ ወደቅህልኝ። ስትመለስ ትቆጣኛለህ ብዬ ስሸማቀቅ "ገብሱስ ደህና ደርሷል" ብቻ አልከኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት አገኛለሁ?

በወረታ በኩል ይፋግ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁትም። ትርንጎ ሆዷን ደግፋ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ አየሩን ሳብ አድርጋ "እማዬ፣ አባዬ አይሸትም" አለችኝ።

ይርጋዬ፣ ያ ሽታ ላንተ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። የሸሚዝህ አንገት ላይ፣ ጋቢህ ውስጥ፣ ትራሳችን ላይ። ትርንጎም ሕፃን ሆና ደረትህ ላይ ስትተኛ የምታውቀው እሱን ነው። ጋሽ ሐሰን አሮጌውን ሲያወርድ የክዳኑ ዙሪያ ለዓመታት ቤንዚን ሲያተን እንደኖረ ነግሮኝ ነበር፤ ያኔ ነገሬ አላልኩትም። ለካ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ልብስህ ላይ ሲያድር የኖረው እሱ ነው። እኔ ታንክ የቀየርኩ መስሎኝ ሽታህን ከቤቴ አስወጣሁት።

መንገድ ዳር አቁመን ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ልጅህ ሆዷን እያሻሸች "እንሂድ እማዬ፣ እየረገጠኝ ነው" አለች። ሄድን። ዳገቱን በሰላም ወጣነው፤ ቤት ስንደርስ ወርጄ ከሥሯ ብዳስስ ደረቅ ነው።

የሚወለደው ልጅ ያን ሽታ አያውቀውም። እኔ ግን እነግረዋለሁ፤ አያትህ ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር፣ እኔም አንገቱ ሥር ተወሽቄ እሱን ሳላሸት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር እለዋለሁ። ቢስቅብኝ ይሳቅ። ማደያ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እስክሞት ድረስ።

ያንተው እናኑ