ጨው የሌለው ገንፎ

ጋሼ አምባው፣

ገንፎዎ ምድጃው ዳር ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንዳዘዘው ጨውም ቅቤም የለውም። ለጉንፋንዎ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ አለ።

ትናንት ተኝተው ሳለ የገላባቱ ፉል ሻጭ ኡስማን ከሱዳን ድንበር ተሻግሮ ሊጠይቅዎት መጣ። «ሽማግሌው ዛሬ ምን አስቀራቸው?» አለኝ።

ለካ በየማለዳው «ለጤናዬ ልራመድ» እያሉ የሚወጡት ለፉል ኖሯል! በቀበሌ ስብሰባ ሳይቀር «ጓዶች፣ እንደ እኔ ተራመዱ» ብለው አስጨብጭበዋል።

እኔ ሞኟ፣ ብቻዎን እንዳይከፋዎት ብዬ ያንን ገንፎ አብሬዎት ስውጥ ከረምኩ።

ሱሪዎ ሲጠብዎት «አጥበሽ አኮማተርሽብኝ» ቢሉኝ ይቅርታ ጠይቄ ነበር።
ይቅርታዬን ይመልሱልኝ።

ዛሬ እኔም ለጤናዬ ልራመድ ወደ ገላባት ወጥቻለሁ። ኡስማን ዘንድ ያለው ሳህንዎ ጾሙን እንዳይውል ብዬ ነው።

ገንፎው እንዳይተርፍ።

እህትዎ ሀብትነሽ