ስምንት ኩባያ በጀርባዬ ላይ

ሰኞ፣ ጥር 18። ጠዋት

ዛሬም ጥቁር ሰሌዳው የኔ ጀርባ ነው። ሸሚዜን አውልቄ በሆዴ ተኛሁ። ሠልጣኞቼ ሁለት ናቸው፤ የእህቴ ልጅ ሙሉ እና ዲ/ን ፍሬው። ማሸት ሁለቱም ያውቃሉ፤ የሰው ትከሻ ሲያፍታቱ እኔ ራሴ እቀናለሁ። አዲስ የሆነባቸው ዋግምቱ ነው። የድሮው በቀንድና በምላጭ ነበር። የኛው ደም አያፈስም። የፕላስቲክ ኩባያ መድፋት፣ አየሩን በፓምፕ መሳብ፣ ቆዳው እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል ማቆም። ማን አስተማረኝ? ማንም። የስልኬ ቪዲዮና የራሴ ጭን። (ጭኔ ላይ የቀረው ክብ ሚስቴን ሦስት ቀን አስቋታል።)

ሙሉ ፓምፑን ፈራችው። ቲማቲም አይደለሁም፣ አልፈርጥም አልኳት።

"ቢፈርጡስ ጋሼ፣ ማን ሊጠርግ ነው?"

ይህቺ ልጅ ይወጣላታል።

አንድ ነገር ግን አለ። እናቷ እትዬ ዘውዴ ቅዳሜ ከጋዝጊብላ ትመጣለች። ሥራው ካላስደሰታት ልጇን ይዛ እንደምትመለስ ልካብኛለች። ሙሉ እዚሁ ሰቆጣ መሥራት ትፈልጋለች፤ እናቷን ግን እምቢ ማለት አትችልም። እኔም አልችልም። ታላቄ ናት። በልጅነቴ አዝላኛለች፤ እስከ ዛሬም ይህንኑ ታነሣብኛለች።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ከቀኑ 10 ሰዓት

ደብተሬ፣ በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ምክንያቱን ስማ።

ስልክ በቅባት እጅ አይነካም ብዬ ደንብ አውጥቻለሁ። ግድግዳው ላይ ሰዓት የለንም። ስለዚህ ጊዜውን በአቡነ ዘበሰማያት እንለካለን። ዐሥር ጊዜ በልብ ማለት፣ ከዚያ ኩባያውን ማንሳት። አምስት ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ለሙሉ ሠርቷል። ዛሬ የዲ/ን ፍሬው ተራ ነበር። ስምንት ኩባያ ደረደረ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ጀመረ። በዜማ። በቆሎ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው በልብ ማለትን ከየት ያመጣዋል? እያንዳንዷን ቃል ያወጣታል፣ ያወርዳታል፣ ተመልሶ ይይዛታል። ነገ ማርያም ናት፤ ድምፁን እየሞከረም ይሆናል። ማስቆም ነበረብኝ። ደስ ይል ነበር ግን። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሙሉ ውኃ ቀድታ ስትመለስ እሱ ስድስተኛው ላይ ነው፣ እኔ አንኮራፋለሁ። ጀሪካኑን ጥላ ኩባያዎቹን አነሳቻቸው። ጀርባዬን በስልክ ፎቶ አየሁት፤ ስምንት የቀይ ሥር ቁራጭ። ዲያቆኑ እግሬ ላይ ወደቀ። የኔታ፣ ይፍቱኝ ይላል። ቤተ መቅደስ የምትገባው አንተ ነህ፣ እኔ ምኑን ነው የምፈታው አልኩት። ቅጣቱን ግን ሰጠሁት፤ እስከ እሑድ ውኃ ቀጂው እሱ ነው።

ሙሉ አልሳቀችም። እማዬ ይህን ካየች አለቀልኝ አለች። ሸሚዜን አላወልቅም ብዬ ማልኩላት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። ረፋድ

እትዬ ዘውዴ ካሰብነው ሰዓት ቀድማ ከች አለች። ሙሉ ጀርባዬን ቅባት እየቀባችልኝ ነበር። ሸሚዜ ሚስማር ላይ።

"ማን ነው የገረፈህ?"

ዲያቆኑ እጁን አወጣ።

ከዚያ በኽምጣንጋ ወረደችብኝ፤ ስትናደድ አማርኛው አይበቃትም። ለሙሉ ልብስሽን ሰብስቢ አለቻት። አያምም፣ ይኸው ቀሎኛል ልል እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። አልጠቀመኝም። ሙሉ ቀሚሶቿን እያጠፈች ነው።

ያው ቀን። ከሰዓት በኋላ

ምሳ በልታ ረገብ አለች። አንገቷ መዞር ካቆመ ከርሟል፤ ሰው ሲጠራት በሙሉ ሰውነቷ ነው የምትዞረው። ተንኮሌን ሠራሁ። እትዬ እኮ ድሮም መርፌ ትፈራ ነበር አልኩት ዲያቆኑን፣ ጮክ ብዬ።

"እኔ ነኝ የምፈራው?"

ነጠላዋን ጥላ አልጋው ላይ ወጣች። ሙሉን ጠቀስኳት። አሸነፍን። ኩባያዎቹን አቀበልኳት።

አልተቀበለችኝም። የእናቷ ክንድ ላይ የበለዘ ቦታ አይታለች። የት ተጋጨሽ አለቻት። የትም። መድኃኒት ትወስጃለሽ? ለልብሽ ነው ብለው ሐኪሞች የሰጧት ክኒን አለ። ከመቀነቷ ፈትታ አሳየቻት። የደም ማቅጠኛ።

"አላደርግልሽም፣ እማ።"

እትዬ ተቆጣች፤ ስፈቅድላችሁ ነው እንዴ የምትኮሩት? እኔ ሞኙ፣ ሁለት ኩባያ ብቻ ቢሆንስ አልኩ። ሙሉ ወደኔ ዞረች።

"ከቆዳዋ ሥር ቢደማ ማን ያቆመዋል? ጋሼ፣ ሰው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቀው ያውቃሉ?"

ደብተሬ፣ ጠይቄ አላውቅም። ያን ሁሉ ጀርባ ስይዝ አንድም ቀን። ስልኬ ውስጥ ያለው ሰውዬ ተናግሮት ይሆናል። እኔ ወሬውን እየዘለልኩ ወደ ኩባያው ነበር የምሮጠው።

በእጇ ብቻ፣ ሳትጫን አሸቻት። አንገቷ ጥቂት ዞረ። እትዬ ተነሣች፣ ነጠላዋን አጣፋች።

"አንተ ብትሆን ለጥፈህብኝ ነበር።"

አዎ አልኳት።

"እንግዲያው እሷ ትቆይ። አንተን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል።"

ሙሉ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትመለስ ዐይኗ ቀልቷል። ዲያቆኑ ጉንፋን ነው አለ። ደግ ልጅ።

እሑድ፣ ጥር 24። ከቅዳሴ መልስ

እትዬን መኪና አሳፈርናት። ቦርሳዋን ብቻ ይዛ ሄደች።

ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ የመጀመሪያው ትምህርት መጠየቅ ነው። መድኃኒት፣ እርግዝና፣ ቁስል፣ ስኳር። አስተማሪዋ ሙሉ ናት። እኔ ከዲ/ን ፍሬው ጎን እቀመጣለሁ። ሆን ብዬ አረፍዳለሁ፣ እስክሪብቶ አበድሪኝ እላታለሁ፣ እንድታስወጣኝ አደርጋታለሁ።

እስከ ዛሬ የያዝኳቸውንም ሰዎች በየቤታቸው ዞሬ እጠይቃለሁ። ከአጥሩ ማዶ ካሉት ጎረቤቴ እጀምራለሁ። ያለፈው ወር ትከሻቸውን ይዤላቸዋለሁ። ይኸው በራቸውን ከፈቱ፤ ልሂድና ልጠይቃቸው።