የጃጁራዋ ሃቢባ ጥያቄ

ወንድሜ ብዙነህ፣

ዛሬ ጃጁራ ገበያ ውስጥ ሃቢባ የምትባል ነጋዴ የተቃጠለ ሱቋን አመድ ስትጠርግ አገኘኋት። የሠላሳ ዓመት ልማድ አይለቅምና «ጋዜጠኛ ነኝ» ብዬ እጠይቃት ጀመር። መጥረጊያዋን አስቀምጣ፣ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችኝ። ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ጋዜጣው ላይ መቼ ይወጣል?» አለችኝ።

«ጋዜጣችን ከተዘጋ ቆይቷል» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

መጥረጊያውን አንስቼ ስጠርግላት ዋልኩ።

አዲስ አበባ፣ ጋዜጣው ቢሮ አብረን ሳለን፣ ከመስክ ስንገባ ሁሉም ወሬ ሊሰማ ይከበን ነበር። እዚህ ሆሳዕና ራቴን ብቻዬን በላሁ። ስለ እሷ የምነግረው ሰው ባጣ ይህን ፖስታ ካርድ ገዛሁ።

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትህን ገነቴንና ልጆቹን ሳምልኝ። ቅዳሜ ቤትህ እመጣለሁ፤ እባክህ ቁጭ ብለህ ስማኝ።

ወልደኪዳን